ያለ ባል ትጥበት

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት በልግ፣ ኑርሀያት በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ፀጉሯን ታጠበች፤ የሐይቅ ከተማ ሕዝብም አራቱንም ጊዜ አየ።

መታጠብ ምን ነውር አለው ትሉ ይሆናል። ነውሩ ከቀኑ ላይ ነው። አርብ ጠዋት ለጁምዓ ብትታጠብ ኖሮ ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። እሷ ግን አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ረቡዕ፣ እንደገና ማክሰኞ፣ ደግሞ ሐሙስ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በዙሁርና በአስር ሰላት መካከል። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ባሏን ሀምዱን ከቀበረች ስድስት ዓመት ያለፋት፣ የወር አበባ ካየች ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት ከሰዓት በኋላ ከሻሿ ሥር ውኃ እያንጠባጠበች ጨው ወደምትሸጥበት ቦታ ብቅ ስትል ሰው ምን ያስብ? ባልና ሚስት ከተገናኙ በኋላ ከአናታቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ካልታጠቡ አይሰግዱም። ይህን እስላሙ ብቻ ሳይሆን አጥር ለአጥር የሚጎራበተው ክርስቲያንም አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነበር። ትጥበት ካለ ወንድ አለ።

ወሬውን ያነሳችው ጸዳለ ናት። ጸዳለ የቀበሌው ቦኖ ከፋች ነበረች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለ ቀረ ቀበሌው ውኃውን መድቦ ያድል ነበርና ለአንድ ነፍስ በቀን አንድ ጀሪካን ነው የሚደርሰው። ሐይቁ ወርዳ እንዳትታጠብ ደግሞ እዚያ ልብስ አጣቢውና ዓሣ አጥማጁ አይጠፋም። ብቻዋን የምትኖረው ኑርሀያት ሁለተኛ ጀሪካን ስታቀርብ ጸዳለ ቧንቧውን በእጇ ያዝ አድርጋ፣

«ይሄኛው ለምንሽ ነው?» አለቻት።

«ልብስ ላጥብበት።»

«የታጠበውን ምን ላይ ነው የምታሰጭው አንች? ገመድሽን ባየሁት ቁጥር ባዶ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ኑርሀያትም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ጸዳለ ክፉ ሴት አልነበረችም። አፏ ግን እንደ ቦኖው በሰዓት የሚዘጋ አልነበረም።

ወንዱ ማን ነው በሚለው ላይ ከተማው ብዙም አልተቸገረም። ከኑርሀያት ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው የልብስ ሰፊው የዘይኑልአቢዲን ሱቅ ነው። ዘይኑልአቢዲን ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት አልፎታል፤ ዕድሜው ስልሳ አምስት ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር ሰው ሲጠረጥረው ግን ተመልሶ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሆነ ይመስለዋል። ጠየቁት። ደህና ሰው ቢሆን ኖሮ «ወላሂ ውሸት ነው» ብሎ ይገላግላት ነበር። እሱ ግን የስፌት መኪናውን ፔዳል አንዴ ረገጥ፣ ጢሙን አንዴ ዳሰስ አደረገና፣

«አላህ ያውቃል» አለ።

አላህማ ያውቃል! አላህ የሚያውቀውን ሰው አጣሞ እንዳያውቀው መናገር ግን የእሱ ፋንታ ነበር። ወሬው ለእሷ ውርደት ሲሆን ለእሱ ሙገሳ ሆነለት። በዚያው ሰሞን ኮፍያውን ቀይሮ ታየ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ኑርሀያት ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር የያዘችው ሕመም ነበራት። ስትሸና ያቃጥላታል፣ ስትቀመጥ ያሳክካታል፣ ወደ ውጫሌ ልጇን ልትጠይቅ መኪና የተሳፈረች ቀንማ እስክትወርድ ጥርሷን ነክሳ ነው። ኋላ ሲብስባት ጤና ጣቢያ ሄደች። እድል ቀንቷት ያገኘችው ለተብርሃን የምትባል ጤና ረዳት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ልጅ።

«የወር አበባ ሲቆም ቦታው ይደርቃል፣ ቆዳውም ይሳሳል እማማ። ብዙ ሴቶች አለባቸው። የሚናገሩት ናቸው ጥቂት» አለቻት። ከዚያም አንድ ቆርቆሮ ቫዝሊን ሰጠቻትና፣ «እጅዎን በሳሙና ታጥበው በቀን አንዴ ይቀቡ። ቀስ ብለው። አይቸኩሉ» አለች።

ኑርሀያት ሐኪም ያዘዘውን የምታጓድል ሴት አይደለችም። ከዙሁር በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቤቷ ትገባለች፣ በሯን ትቀረቅራለች፣ ቀስ ብላ ትቀባለች፣ አትቸኩልም። በሁለተኛው ሳምንት፣ እጇ የታዘዘውን ሲያደርግ ሳለ ያልታዘዘ ነገር አገኘ።

መጀመሪያ ደነገጠች። ጅን የነካት መሰላትና ቢስሚላህ አለች። ልቧ እስኪረጋ ድረስ ጣራውን እያየች ተኛች። ቀጥሎ ሳቋ መጣ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ደግሞ አለቀሰች፤ ለምን እንዳለቀሰች ግን ያን ቀን አልገባትም። ስድስት ልጅ የወለደች ሴት ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ ተድራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባል ጋር ኖራለች። ገላዋ ይህን እንደሚችል የነገራት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ትጥበቱ የመጣው ከዚህ ነው። ሸህ ኑርዬ በረመዳን ሴቶቹን ሲያስተምሩ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ገላ ያን ስሜት አይቶ ከረካ ትጥበት ግዴታ ነው፣ ሳይታጠቡ የተሰገደ ሰላት አይቆጠርም ብለው ነበር። ያደረገችው ነገር ሀራም ይሁን አይሁን ኑርሀያት እርግጠኛ አልነበረችም። ሳትታጠብ እንደማትሰግድ ግን እርግጠኛ ነበረች። ሰው እንዳያውቅባት ብላ ሰላቷን ብታበላሽ ማንን አታለለች? ስለዚህ ውኃ ቀዳች፣ ታጠበች፣ ሰገደች፣ ሰውም አየ።

ወሬው ጆሮዋ ሲገባ ነገሩን ተወችው። አሥራ አንድ ቀን ተወችው። በእነዚህ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ረግታ የተቀመጠችበት ሰዓት የለም። የተሰፈረ ጨው እንደገና ትሰፍራለች። ወደ ሐይቁ ትወርድና ለምን እንደወረደች ጠፍቷት ትመለሳለች። ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት። ማቃጠሉም ተመለሰባት። ከሁሉ የከፋው ግን ንዴቱ ነበር። ማንንም አልነካች፣ የማንንም አልወሰደች፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ ግን እንደ ሌባ ኮቴ ታዳምጣለች።

ሐሙስ ዕለት ልጇ ኑርሁሴን ከውጫሌ መጣ። ኑርሁሴን የበኩር ልጇ ነው፣ በገበሬዎች የአገልግሎት ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ። ሰላምታውን አጣድፎ ጨረሰና መሬት መሬት እያየ፣

«እማ፣ ወሬው ውጫሌ ደርሷል» አለ።

«ወሬ እግር አለው፣ ምን ላድርገው።»

«እኔ አልቆጣሽም። ሰው ነሽ። ግን በሐላል ይሁን። ዘይኑልአቢዲን ሽማግሌ ልኮብኛል። ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ ሸህ ኑርዬ ይመጡና ኒካሁ ይታሰራል።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«እማ! ትጥበቱን ያላየ ሰው የለም እኮ! ባል የሌላት ሴት ምን ሁና ነው የምትታጠብ?»

ኑርሀያት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ለወለዱት ወንድ ልጅ ይህ በየትኛው ቃል ይነገራል? ልጇ ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው፤ ፊቱም ቀላ።

«ቤቱስ?» አለች በመጨረሻ።

«ቤቱን ለቀበሌው ትመልሻለሽ። ለአንድ አባወራ አንድ ቤት ነው። ከእሱ ጋር ትኖሪያለሽ፣ የልጅ ልጆቹንም ታሳድጊያለሽ። ብቻሽን ከምትሆኝ አይሻልም?»

አይሻልም። ያች አንድ ክፍል ቤት ግድግዳዋ የተሰነጠቀ፣ ጣራዋ የሚያፈስ ናት፤ ግን ኑርሀያት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ መካከል ላይ የተኛችው እዚያ ነው። ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት፣ ከባሏ ቤት ወደ ልጆቿ ጓዳ ስትል ኖራ ይህችን ቤት ያገኘችው በሃምሳ አራት ዓመቷ፣ ቀበሌው ሲመራት ነው። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ቀርቃሪዋም እሷ ብቻ ናት። አሁን ይህ ሁሉ ከአንድ ጎረቤት ጢም መዳሰስ የተነሳ ሊወሰድባት ነው።

አርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። ለተብርሃን ካርድ ስትጽፍ አገኘቻትና በሩን ራሷ ዘግታ ሁሉንም አፈሰሰችላት። ከዚያም ጉልበቷን ጨብጣ፣

«ንገሪኝ ልጄ። በሽታ ነው? ዓይን ያጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ያሳብዳልም ይላሉ» አለች።

ለተብርሃን አልሳቀችም። ይህ ለኑርሀያት ትልቅ ነገር ነበር።

«ዓይንም አያጠፋም፣ አያሳብድምም እማማ። በሽታ አይደለም። ዕድሜ ይህን አይዘጋውም፤ ሰው ግን ይዘጋል ይላል። ማቃጠሉ እንዴት ሆነልዎ?»

«ያን ሰሞን ተሽሎኝ ነበር። ስተወው ተመለሰ።»

«ቦታው ደም ሲያገኝ ይለሰልሳል። ደም ከፈሰሰዎት ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያሳድሩ ይምጡ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ማየት ደግ አይደለም። ሀራም ሀላሉን ግን እኔን አይጠይቁኝ፤ እኔ የማውቀው ገላውን ነው።»

ከጤና ጣቢያው እንደወጣች እግሯ ቤቷ አላደረሳትም፤ ዘይኑልአቢዲን ሱቅ ወሰዳት። ሰውየው ሱሪ እየጠቀመ ነበር። ሲያያት አፉ ውስጥ መርፌ ይዞ ፈገግ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከእኔ ጋር ምን ነበረህ?»

መርፌውን ከአፉ አወጣ። «እኔ አለኝ አልሁ?»

«የለኝም አላልህም!»

«ዝም ነው ያልሁት። ዝም ያለ ሰው ምን አጠፋ?» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞስ ቢሆን ምናለበት ኑርሀያት? እኔ አልጠላሽም። ማን እንደሆነ ባላውቅም ያለፈውን አላነሳብሽም» አላት።

ይቅር ሊላት ነው እኮ! እሱ! ኑርሀያት የሱቁን ደጃፍ ለቃ ወጣች። ማታውንም ጠዋቱንም እህል አልቀመሰችም።

ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ መጡ። ሸህ ኑርዬ፣ ዘይኑልአቢዲን በአዲሱ ኮፍያው፣ ኑርሁሴን፤ ምስክሮቹ እሺ ካለች በኋላ ሊጠሩ ነው። ወጉ ነውና ቤቱ መካከል ላይ መጋረጃ ተጋርዶ ኑርሀያት ከወዲያ፣ ወንዶቹ ከወዲህ ሆኑ። ለእሷ ብርጩማ ተቀምጦላታል፤ አልተቀመጠችበትም። በመጋረጃውና በአልጋዋ መካከል ያለው ቦታ ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ሦስት እርምጃ ትመለሳለች። ሸህ ኑርዬ ዱዓቸውን አድርገው ሲያበቁ፣

«ኑርሀያት፣ ዘይኑልአቢዲን ለኒካህ ጠይቆሻል። ወሊይሽ፣ ዳሪሽ፣ ልጅሽ ነው፤ እሱ ወዷል። አንችስ?» አሉ።

የተሰማው የእግሯ ኮቴ ብቻ ነበር።

«ኑርሀያት፣ አንችስ?»

«ዝም ማለቷ እሺ ማለቷ ነው ሸሆቹ» አለ ኑርሁሴን።

ሸህ ኑርዬ በጉዳዩ ላይ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። «ዝምታ ለልጃገረድ ነው፤ ልጃገረድ ታፍራለች። ባል ያየች ሴት በአፏ ካልተናገረች ኒካህ አይታሰርም። ሦስተኛ እጠይቃታለሁ» አሉ።

ኮቴው ቆመ።

«አላገባም» አለች ኑርሀያት።

ዘይኑልአቢዲን ጉሮሮውን ጠረገ። ኑርሁሴን ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አላገባም? ታዲያ ትጥበቱ ምንድን ነው? ሰው ፊት በምን ዓይኔ ልቁም? ከማን ጋር ነው? ተናገሪ!»

«ቁጭ በል» አሉት ሸሁ። ከዚያም ለረጅም ጊዜ መቁጠሪያቸውን አገላብጠው፣ ለሴቲቱ መውጫ ሲፈልጉ ቆይተው፣ «ቆይ እስቲ» አሉ። «ሴት ያለ ወንድም ትጥበት ግዴታ ይሆንባታል። በህልሟ ከሆነ። እንደ ወንዱ ሁሉ ሴትም በህልሟ ታያለች። አስተምሬአችሁ የለም? ህልም ነው ኑርሀያት?»

እኒያ መልካም ሰው በሩን እንዲህ ወለል አድርገው ከፈቱላት። አዎ ብትል አለቀ። በህልም ተጠያቂ የለም፤ ኃጢአትም የለም። ኑርሀያት «አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዘይኑልአቢዲን ቀደማት።

«ህልም ከሆነም እኮ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ገላዋ ባል ፈልጎ ነው። ህልሙ የሚጣራው ባል ነው። ይህስ ኒካሁን ያፈጥነዋል እንጂ ያስቀረዋል?»

«እውነቱን ነው» አለ ኑርሁሴን ነፍሱ እየተመለሰች።

ኑርሀያት መጋረጃውን ያዘች። እግሯም እዚያው ረጋ። የምትናገረውን ከተናገረች ነገ ቦኖው ጋ፣ ከነገ ወዲያ ውጫሌ፣ ወሩ ሳይወጣ ግሸን ድረስ እንደሚሰማ ታውቃለች። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ካልተናገረች ግን እስክትሞት ድረስ ከሌላ ሰው ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ነው የምትተኛው።

«ህልም አይደለም» አለች። «ነቅቼ ነው። ብቻዬን ነኝ። በሬ ተቀርቅሮ፣ በገዛ እጄ ነው። ገላዬ የተጣራው ማንንም አይደለም፤ ባልም አልጎደለኝም። ሀቅ ለመጠየቅም ለመናገርም አትፈሩ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት ሸሆቹ። ይኸው ተናገርሁ።»

ከመንገዱ ላይ የአንድ የጭነት መኪና ድምፅ መጥቶ አለፈ። ዘይኑልአቢዲን ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፣ ከዚያም ማንንም ሳይሰናበት ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። አንድ ወር ሙሉ በከተማው ፊት ጎረምሳ ሆኖ የኖረው ሰው በዚያች ቅጽበት መልሶ ስልሳ አምስት ሞላው።

ሸህ ኑርዬ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ብዙ ብለዋል። አብዛኞቹ አይወዱትም። ተውበት አድርጊ፣ ማረኝ በይው እላለሁ፤ ቀሪው በአንችና በጌታሽ መካከል ነው፣ እኔ አልገባበትም።» ከዚያም፣ «ሳትታጠቢ የሰገድሽው አለ?» አሉ።

«አንድም የለም ሸሆቹ።»

«ሰው እያየሽም?»

«ሰው እያየኝም።»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ እዚህ የሚታሰር ኒካህ የለም» ብለው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ መጋረጃው ሳያዩ፣ «ሰው ለሰላቱ ይህን ያህል ሲደፍር ካየሁ ቆይቻለሁ» አሉና ሄዱ።

እናትና ልጅ ቀሩ። ኑርሀያት መጋረጃውን ገለጠች። ኑርሁሴን ግድግዳውን እያየ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ይጮኻል ብላ ጠበቀች፣ አልጮኸም። ቤቱን ዳግመኛ እንደማይረግጥ ይነግረኛል ብላ ሰጋች፤ እሱንም አላለም።

«አባዬ እያለም…?» አለ በመጨረሻ፤ መጨረስ አቃተው።

«አባትህ እያለ ይህን አላውቅም ነበር።» አጠገቡ ተቀመጠች። «አባትህ ደግ ሰው ነበር ኑርሁሴን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ እህሉ ጠይቆኛል፣ ስለ ከብቱ ጠይቆኛል፣ ልጆቹ በልተዋል ወይ ብሎኛል። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ይህን ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም የሚጠየቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ያስለቀሰኝ ይኸው ነው፣ አሁን ገባኝ።»

ልጇ ብድግ ብሎ ኮቱን ለበሰ።

«መኪናው ያመልጠኛል» አለ። «ሂንድ ትጠብቀኛለች።»

ሂንድ ሚስቱ ናት። ከተጋቡ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አምስት ልጆች አሏቸው። ኑርሀያት ምራቷን አስታወሰች፣ ትንሽ የምትናገር፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለች ሴት።

«ኑርሁሴን።»

«አቤት እማ።»

«አንተስ እሷን ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ኑርሁሴን አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከቶ፣ ሌላውን በካልሲው እንደቆመ ቀረ። ወደ ውጫሌ የሚሄደው መኪና ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ረዳቱም «ውጫሌ! ውጫሌ!» እያለ ተጣራ። መኪናው ተነስቶ ከመንገዱ ሲርቅ እሱ ገና ደፉ ላይ ቆሞ ነበር።